የድንቹ ኩላሊት

ሐምሌ ነው። ጦሳ ጭጋግ ተከናንቧል፤
የሰኞ ገበያ ጭቃ ጫማ ይስባል።
መምህር ሙሄ ካፖርቱን ቆልፎ
ከሸራው ድንኳን ፊት ከሰው ጋር ተሰልፎ
ተራ ይጠብቃል እንደማንም በሽተኛ፤
እኔ ከኋላው ነኝ፣ የድንቹ ዘበኛ።

አዎ፣ ድንች። ከኩታበር የመጣ፣ አፈሩ ያልተራገፈ፣
በመምህሬ ጣት ተዳብሶ «ጤነኛ ነው» ተብሎ ያለፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ሳጥን አለ፣ ባለ አረንጓዴ መብራት፤
ሁለት የብረት ዘንግ፣ ማተሚያ፣ ትንሽ ንዝረት።
ዘንጉን ጨብጠህ እስከ ስልሳ ስትቆጥር
ጉበትህ ይናዘዛል፣ ጨጓራህ ያወጣል ምስጢር።
ባለሳጥኑ አስናቀ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣
በድምፅ ማጉያ ይጣራል ስኳርን ከሪህ ለውሶ፦
«የኳንተም ምርመራ! መርፌ የለው፣ ደም የለው!
ሆስፒታል በወር ያላገኘውን በደቂቃ የሚያገኘው!»

መምህሬ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጥያቄ ይዞ ኖሯል።
ክፍል ውስጥ እኛን፣ ጠመኔው እስኪያልቅ፣ ጠይቋል፤
ሐረጎን ሲወርድ የሚኒባሱን ሾፌር፣
ሆጤ ላይ ኮከብ ቆጣሪውን፣ አንዳንዴም ራሱን ዲኑን ሳይቀር፦
«ምን ብታይ ነው ‹ተሳስቻለሁ› የምትለው?»
ይኸው ነው። ሌላ የለው።
መልስ የሌለው ሰው መውጫ የሌለው ቤት ሠርቷል ይላል፤
ያሞቃል፤ ያፍናል።

ተራችን ደረሰ። ዘንጎቹን ተቀብሎ፣
ድንቹን እጅጌው ሥር በመሃላቸው ሸጉጦ፣ ዓይኑን ወደ ጣራ ሰቅሎ፣
እስከ ስልሳ ቆጠረ።
ሳጥኑ አሰበ። ሳጥኑ ተነፈሰ።
አራት ገጽ ወጣ፣ በቀለም ያሸበረቀ፦
የካልሲየም እጥረት። የኩላሊት ድካም።
ሦስተኛው ገጽ ላይ የማህፀን እብጠት
(ያለፈችዋን ታካሚ ሳይሰርዝ ቀርቶ ይሆናል)።
መድኃኒቱ ሦስት ብልቃጥ፣
ዋጋው የእኔን የወር የቤት ኪራይ የሚያህል።

መምህሬ ድንቹን አወጣ። እንደ ጨቅላ በመዳፉ አስተኝቶ
«ታካሚው ይኸውላችሁ» አለ፣ ለሰልፉ ሁሉ አሳይቶ።
«እንግዲህ፣ አስናቀ፣ ምን ብታይ ነው ‹ተሳስቻለሁ› የምትለው?»
ሳቅ ጠበቅሁ። ሳቅ አልመጣም።
ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ ከሰልፉ አንድ ሰው አልወጣም።

አስናቀ አልደነገጠም። «ድንችም ነፍስ አለው» አለ፤
«ከአፈሩ ተነቅሎ እንዴት ደህና ይሆናል?»
ሰዉ ራሱን ነቀነቀ።
እኔም፣ ልዋሽ እንዴ፣ ለአፍታ ነቀነቅሁ።

ያኔ እትዬ ከድጃ፣ ከገራዶ በእግራቸው የመጡ፣
ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሱ ወሬውን ቆረጡ፦
«ልጄ፣ ድንች መሆኑንስ አየን፤ ዕውር አይደለንም።
ሳጥኑ ቢዋሽ አይደንቀንም።
ግን በዚያኛው ደጅ፣ ከሌሊት ካርድ አውጥቼ፣
እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ፣ በስንት መከራ ገብቼ፣
ሐኪሙ ፊቴን ሳያይ ጻፈ። ምን እንደያዘኝ አልነገረኝ።
ይሄ ውሸታም ግን ‹እናቴ፣ የቱ ጋ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ።
አንተስ፣ እነዚህ ሞኞች ናቸው ብለህ ድንች ይዘህ ስትመጣ፣
ምን ብታይ ነው ‹ተሳስቻለሁ› የምትለው?»

መምህሬ አፉን ከፈተ። ዘጋ።
በሰው በር ሲያንኳኳ የኖረው ጥያቄ
ያን ቀን ወደ ቤቱ መጣ።

በቧንቧ ውሃ አቀበት ስንመለስ ቃል አልተነፈስንም።
ድንቹን ማታ ቀቀልነው፤
ኩላሊቱ ምንም አልነበረበትም።

አሁን ሰኞ ሰኞ በርጩማ ይዞ ይወርዳል፣
ከሰልፉ ጎን ይቀመጣል።
«ሐኪም አይደለሁም» ብሎ ይጀምራል፤
«የቱ ጋ ነው?» ይላል።
የተጨማደደ የሐኪም ወረቀት ተቀብሎ ያነባል፣
የማይገባውን ፋርማሲ ልኮኝ ያስጠይቃል፣
የሚታወቀውን ይነግራል፣ የማይታወቀውንም።
አስናቀ ሳጥኑን አልዘጋም።
እትዬ ከድጃ ለሁለቱም ይመርቃሉ።

ሰልፉ ትንሽ ያጠረ መሰለኝ።
ወይ የመምህሬ በርጩማ ነው፣ ወይ ክረምቱ።
ስጠይቀው «ለማለት ገና ነው» አለኝ፣
ደብተሩ ላይ የዕለቱን ቁጥር እየጻፈ፣
በእርሳስ።